ወዴት እንደሄዱ ካልታወቁ ሰዎች፣ ከድልድዩ ሁለት መቶ እርምጃ ላይ

ይድረስ ለክቡር የቬተርሁዘን ከተማ ከንቲባ
ፍሪስላንድ

ጉዳዩ፦ መኖሪያ መኪናችንን ስለመረጡልን ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎ፣ ጽሕፈት ቤትዎና በውስጡ ያሉት ማኅተሞች ሁሉ እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛ፣ ማለትም እኔ ሂልከ ተርፕስትራና ባለቤቴ ሲትስከ፣ ከእርሷ ጉልበት በቀር ደህና ነን። ያለንበትን ቦታ ግን ልነግርዎ አልደፍርም፤ በመሥሪያ ቤትዎ መዝገብ መሠረት የት እንዳለን አይታወቅም፣ እኔም ከመዝገብ በላይ አዋቂ ልሁን ማለት አይገባኝም።

ምናልባት ስሜ ጠፍቶብዎት እንደሆነ፣ የከተማችንን ድልድይ ሳነሳና ሳወርድ ሠላሳ አንድ ዓመት የኖርኩት ረጅሙ ሰውዬ ነኝ። ጀልባ ሲመጣ ለመኪናዎቹ ቀይ መብራት አበራለሁ፣ ድልድዩን አነሳለሁ፣ ሲትስከ በዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ጫፍ ላይ ያሰርናትን የእንጨት ጫማ ወደ ጀልባው ታወርዳለች፣ ባለጀልባው የማለፊያ ሳንቲሙን ጫማዋ ውስጥ ጣል ያደርግና መንገዱን ይቀጥላል። ሰው ሁሉ ሲያልፍ እኛ እንቀራለን። በጋ የጀልባ ወቅት ነውና በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም በጋ ከከተማ ወጥተን አናውቅም፤ ባሕሩ ወዴት እንደሚወስድ የምናውቀው ከሚመለሱት ሰዎች ፊት መጥቆር ብቻ ነበር።

ባለፈው ዓመት ድልድዩ ካሜራ ተገጠመለትና አርባ ኪሎ ሜትር ርቆ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ቁልፍ እየተጫነ ያነሳው ጀመር። የምንኖርበት የድልድይ ቤትም ለአንድ ሌሊት አዳር ለሚመጡ እንግዶች የሚከራይ ክፍል እንዲሆን ተወሰነ፤ እኛም በመጋቢት ወር እቃችንን ሸክፈን ወጣን። ስለዚህ ጉዳይ ቅሬታ የለኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት በሌላው ላይ ቀይ መብራት ያበራ ሰው፣ በእሱ ላይ ሲበራ ቆሞ መጠበቅን ካልቻለ ከሥራው ምንም አልተማረም ማለት ነው። ሲትስከ ደግሞ ጭራሽ ደስ አላት። "የሰው ጀልባ ስናሳልፍ አረጀን፤ አሁን ተራው የኛ ነው። ጎማ ያለው ቤት እንግዛ" አለችኝ። በዚሁ መሠረት በጋ የምንዞርበት፣ ክረምት ተመልሰን ከተማችን የምናርፍበት አንድ መኖሪያ መኪና መረጥን። መረጥን ስል በልማድ ነው እንጂ የመረጡልን እርስዎ ነዎት፤ ብዕሬን ያነሳሁትም ለዚሁ ነው።

አንደኛ፣ ስለ መኪናው ርዝመት አመሰግናለሁ።

ምርጫው ስድስት ቅዳሜ ፈጅቶብናል። ሻጩ መጀመሪያ የጠየቀን "ለሽርሽር ነው ለኑሮ?" ብሎ ነበር። ሲትስከ "ለኑሮ" ብትለው ፈገግታውን ሰብሰብ አድርጎ ወንበር ሳበልን። ለሽርሽር የሚገዛ ሰው የመጋረጃ ቀለም ያያል፤ ለኑሮ የሚገዛ ግን የውሃ ቧንቧው በውርጭ ይቀዘቅዝ እንደሆነ፣ ማሞቂያው በሳምንት ስንት ሲሊንደር ጋዝ እንደሚጨርስ፣ ዝናቡ አራት ቀን ሳያባራ ሲቀር ደግሞ ሁለት ሰው ሳይጣላ የሚቀመጥበት ቦታ መኖሩን ማየት አለበት ሲል አስረዳን። "ብሮሹሩን ተዉትና ኑሩበት፤ እዚሁ አዳራሹ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ኑሩበት" አለን። ሲትስከ ምክር ከሰማች እስከ ጥግ ነው። ጫማዋን እያወለቀች በየአልጋው ተኛች፣ በየምድጃው ፊት ቆማ በሌለ ቢላዋ የሌለ ድንች ላጠች፣ እኔን ደግሞ በየመጸዳጃ ክፍሉ እያስገባች በሩን ትዘጋብኝና ከውጭ ሆና ትመረምረኝ ነበር።

"ጉልበትህ በሩን ነካ?"

"ነካ።"

"ትተነፍሳለህ?"

"በመጠኑ።"

"ውጣ፤ ይሄም አይሆንም።"

በአምስተኛው ቅዳሜ አንዱን አገኘነው። ርዝመቱ ሰባት ሜትር ከአርባ ሲሆን፣ ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት አልጋዎች አሉት፤ ከፍታቸውም የወንበር ያህል ብቻ ነው። አንድ ሜትር ከዘጠና ስምንት የሆነው ቁመቴ ከራስ እስከ እግር ተዘረጋበት። ሲትስከ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፣ የሚያማትን ጉልበቷን በእጇ ሳታነሳ እግሮቿን አወጣች፣ ጋደም አለች። ከዚያ ጣሪያውን እያየች "ይሄ ነው ቤቴ" አለች። ሻጩ ብዕሩን አወጣ።

ያን ጊዜ ነው እኔ ደንብ አክባሪው የእርስዎን ደንብ ያስታወስኩት። በከተማችን ከስድስት ሜትር የበለጠ ተሽከርካሪ በመንገድም ሆነ በቦይ ዳር ከሦስት ቀን በላይ መቆም አይችልም። ሲትስከን ከአልጋዋ አስነስቼ፣ ርዝመቱ አምስት ሜትር ከዘጠና ዘጠኝ የሆነውን መኪና ገዛን። በእርሱ ውስጥ ያለው አልጋ ወደ ጎን የተዘረጋ ነው፤ ርዝመቱ ከእኔ በአሥራ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያንሳል፣ ከፍታው ደግሞ በመወጣጫ ካልሆነ አይደረስበትም። እኔ እንደ መቀስ ታጥፌ እተኛለሁ። ባለቤቴ "እግርህን ወይ እጠፈው፣ ወይ ለማዘጋጃ ቤቱ አስረክበው" ትለኛለች፤ እርሷ ራሷ ግን ያንን መወጣጫ በየምሽቱ ጥርሷን ነክሳ ነው የምትወጣው። ይህንን ሳይ ምን እንደሚሰማኝ መጻፍ አልፈልግም፤ ሆድ ይፍጀው።

ሁለተኛ፣ ለልኬቱ ጥንቃቄ አመሰግናለሁ።

መኪናውን ከድልድዩ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ርቀን፣ በቦዩ ዳር፣ ከጽሕፈት ቤትዎ መስኮት ፊት ለፊት አቆምነው። በማግስቱ ደንብ አስከባሪው ዱርክ ሜትር ይዞ መጣ። ዱርክን ያውቁታል፤ በጀት በተቀነሰ ቁጥር አንድ ሥራ እየተጨመረለት ዛሬ ማዘጋጃ ቤታችን ሲሄድ የሚታየው በእሱ እግር ነው። ከፊት መከላከያው ጀምሮ ወደ ኋላ ለካ፣ ቆም አለ፣ ራሱን አከከ፣ እንደገና ለካ።

"ጋሼ ሂልከ፣ ስድስት ሜትር ከሰባ አንድ ይላል።"

"አምስት ከዘጠና ዘጠኝ ነው እንጂ፣ ሊብሬው ላይ አለልህ።"

"ብስክሌቶቹስ?"

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ መሆኑን በግልጽ አምናለሁ። ስድስት ቅዳሜ ሙሉ ቧንቧ፣ ማሞቂያ፣ መስኮትና የጣሪያ ውፍረት ስንለካ፣ ከኋላ ስለሚታሰሩት ሁለት ብስክሌቶች ማናችንም ትዝ አላለንም። ብስክሌትን ማን እቃ ብሎ ይቆጥራል? ሰው ሱሪ ሲገዛ እግሮቹን ይዞ መሄዱን አያስብም። ሲትስከ ወዲያው "ታዲያ እናውርዳቸዋ" አለች። ዱርክ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ "እትዬ ሲትስከ፣ ዛፍ ላይ ማሰር ክልክል ነው፤ አጥሩ ላይም ክልክል ነው። እኔ ምን ላድርግ፣ የሚናገረው ሜትሩ ነው" አላት። እርሷም ቡና ቀዳችለት፣ ከአንዲት ብስኩት ጋር፤ እንደ ሀገራችን ወግም ሁለተኛ እንዳይነሳ የብስኩቱን ጣሳ ወዲያው ከደነችው።

በኋላ በማወሳው የአድራሻ ጉዳይ ከከተማ መራቅ ስላልቻልን፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ በየሦስተኛው ቀን መኪናችንን አስነስተን፣ ቤተ ክርስቲያኑን አንድ ጊዜ ዞረን፣ እዚያው ቦታ ላይ ተመልሰን እንቆማለን። አልሸሹም ዞር አሉ እንደሚባለው ነው። ዱርክ መነሳታችንን ይመዘግባል፣ መመለሳችንንም ይመዘግባል፣ ደንቡም ይከበራል። የሚቆጨኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባለ ሰባት ሜትር ከአርባው መኪናም ቤተ ክርስቲያኑን መዞር ይችል ነበር። ደንብዎን ላከብር ስል የባለቤቴን ዝቅተኛ አልጋ ሸጥኩ፣ ደንብዎንም ሳላከብር ቀረሁ።

ሦስተኛው ነጥብ እርስዎን አይመለከትም። የማስገባው በሁሉም ነገር ማዘጋጃ ቤቱን የምከስ ሰው እንዳልመስል ነው። ሲትስከ አዲሱ ቤታችን ውስጥ የመጀመሪያ ሥራዋ የዘመድ ወዳጁ ልደት ሁሉ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈበትን ቀን መቁጠሪያ እንደማንኛውም ጨዋ ቤተሰብ መጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ መስቀል ነበር። ሰው ተረጋግቶ የሚያነበው እዚያ አይደል? በአነስተኛ መኖሪያ መኪና ውስጥ ግን መጸዳጃውና ሻወሩ አንድ ክፍል መሆናቸውን፣ በስድስቱም ቅዳሜ እዚያ ውስጥ በሩን ስትዘጋብኝ ከርማ እንኳ አላሰበችውም። እኔም አላሰብኩትም። በመጀመሪያው ጠዋት ውሃውን ከፈትኩ፤ የአርባ ዓመት ዘመድ አዝማድ፣ ከጥር እስከ ታኅሣሥ፣ ሰማያዊ ሆኖ በግድግዳው ላይ ወረደ። የክቡርነትዎም ልደት ከፈሰሱት መካከል ስለነበረ ዘንድሮ ካርድ ሳይደርስዎ የቀረው በቂም እንዳይመስልዎ። የቀረው ጽሑፍ እንደሚያመለክተው በሰኔ ወር አካባቢ ተወልደዋል።

አራተኛ፣ ስለ አድራሻው። እዚህ ላይ ምስጋናዬ ቃላት ያጥረዋል።

የድልድይ ቤቱን ስንለቅ የነዋሪዎች ምዝገባ ክፍል አዲስ አድራሻ ጠየቀን። ወደ ወይዘሮ ሆክስትራ ቀርበን ሁኔታችንን አስረዳን። እርሳቸውም በታላቅ ትሕትና፣ መኪናችን ጎማ ስላለው አድራሻ ሊሆን እንደማይችል ነገሩን። እንግዲያው ደብዳቤ ብቻ የምንቀበልበት አድራሻ ይሰጠን ብንላቸው፣ እርሱ የሚሰጠው መኖሪያ ለሌለው ሰው ነው አሉን። "እናንተ ግን መኖሪያ አላችሁ። መኪናችሁ ውስጥ ትኖራላችሁ።" ይህንን ሲናገሩ ፊታቸው ላይ አንዳች ተንኮል አልነበረም። እኔና ሲትስከ ተያየን፣ አመስግነን ወጣን፣ ቤት ያለንም የሌለንም ሆነን በሳር ላይ ተቀመጥን።

የሲትስከ እህት ደግ ሴት ናትና "በኔ ቤት ተመዝገቡ" አለችን። ተመዘገብን። በሦስተኛው ሳምንት ዱርክ እርሷ ቤት ሄዶ በእውነት እዚያ መኖራችንን ለማረጋገጥ የጥርስ ብሩሽ ቆጠረ። አንድ ብቻ ሆነበት።

"የእነ ጋሼ ሂልከስ የት አለ?" አላት።

የባለቤቴ እህት ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ ዋሽታ አታውቅም። "መኪናቸው ውስጥ ነዋ፤ ሲተኙ በምን ይቦርሹ?" አለችው። ምዝገባው በማግስቱ ተሰረዘ።

ከዚያ በነሐሴ ወር ያ ደብዳቤ መጣ። ሂልከና ሲትስከ ተርፕስትራ ከከተማው ወጥተው ወዴት እንደሄዱ ስላልታወቀ፣ እስከ መስከረም ማብቂያ አድራሻ ካላቀረቡ ስማቸው ከነዋሪዎች መዝገብ ይፋቃል ይላል። ደብዳቤውን ያመጣው ዱርክ ነው። የመኪናችንን በር አንኳኳ፣ ጫማውን አውልቆ ገባ፣ ቡናውንና አንዲት ብስኩቱን ተቀበለ፣ ደብዳቤውን አነበበልን፣ ከዚያም ወረቀት አውጥቶ "እዚህ ጋ ፈርሙልኝ፤ እንደደረሳችሁ ማረጋገጫ ነው" አለን። የማንገኝ ሰዎች መሆናችንን የሚገልጽ ደብዳቤ በእጃችን መግባቱን ሁለታችንም ፈረምን። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም የሚባለው እውነት ነው።

ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ ድረስ እየሳቅኩ ጻፍኩ፤ ቀጥሎ ያለውን ግን እየሳቅኩ መጻፍ አልቻልኩም። የሲትስከ የጉልበት ቀዶ ሕክምና ጥቅምት አሥራ አራት ቀን ነው። አሥራ አንድ ወር ወረፋ ጠብቃለታለች። ስሟ ከመዝገብ ከተፋቀ የጤና መድኗ አብሮ ይቋረጣል፤ መድኑ ከተቋረጠ ሆስፒታሉ ወረፋዋን ለሌላ ይሰጣል፤ እንደገና አሥራ አንድ ወር መወጣጫ መውጣት ይጠብቃታል። ለራሴም ያዘንኩት ነገር አለ። በዚህች ከተማ የማን ጀልባ መቼ እንደወጣ፣ ማን ዘግይቶ እንደተመለሰ፣ ማን እንዳልተመለሰ ሠላሳ አንድ ዓመት በቃሌ ይዣለሁ። የእኔ መዝገብ ማንንም "ወዴት እንደሄደ አይታወቅም" ብሎ አያውቅም። ባለፈው ሳምንት በድልድይ ቤቱ ያደረች አንዲት ወጣት እንግዳ በመስኮታችን አጠገብ ስታልፍ "እዚያ ቤት በፊት ሰው ይኖርበት ነበር እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። እሷ ለአንድ ሌሊት ከነሙሉ ስሟ ተመዝግባበታለች። "ይኖርበት ነበር ይባላል" አልኳት።

አምስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ነገር ግን አምስተኛው የውድድሩ ቀን ነው፣ እርስዎም ስለነበሩበት ቁጥር አያስፈልገውም።

በዓመታዊው የባለሸራ ጀልባዎች ውድድር ቅዳሜ፣ አሥራ ሰባት ጀልባዎች ምሰሶአቸውን አቁመው ከድልድዩ ፊት ተሰልፈው ነበር። በፊተኛው ጀልባ ላይ የሹመት ሰንሰለትዎን በአንገትዎ አድርገው እርስዎ ቆመዋል። ድልድዩ አልነሳ አለ። አንዲት ሸረሪት ሌሊቱን በካሜራው ፊት ድሯን አድርታበት ኖሮ፣ አርባ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ሰውዬ በድምፅ ማጉያው "ነጭ ነገር ብቻ ነው የሚታየኝ" ይላል፤ ያላየውን ድልድይ እንዳያነሳ ደግሞ ደንብ ይከለክለዋል። መሰላል ከአጎራባች ከተማ እየመጣ ነው ተባለ። የሙዚቃ ቡድኑ አንዱን ማርሽ ለሦስተኛ ጊዜ ጀመረው። ያን ጊዜ ዱርክ ወዴት እንደሄድን ያልታወቅነውን ሰዎች ፈልጎ እንዲያመጣ በእርስዎ ትእዛዝ ተላከ። ከአራት ደቂቃ በታች ፈጀበት።

"ጋሼ ሂልከ፣ ድልድዩ እምቢ አለ፣ ቶሎ ይድረሱልን።"

ሲትስከ ከመስኮቱ "እንዴት አገኘኸን ዱርክዬ?" አለችው።

"እንዴ፣ እዚሁ አይደላችሁ እንዴ?"

ይህችን መልስ ክቡርነትዎ በመዝገብ ያስይዙልኝ ዘንድ እለምናለሁ።

ድልድዩ በእጅ ሊነሳ ይችላል፤ የሚነሳውም አሥራ አራት ኪሎ በሚመዝን የብረት ማዞሪያ ነው። ማዞሪያውን የት እንዳስቀመጥኩት ስለማውቅ በቀጥታ ወደ ድልድይ ቤቱ ሄድኩ። ነጭ ቀለም ተቀብቶ የእንግዶቹ ካፖርት መስቀያ ሆኖ አገኘሁት። ቁርስ ይበሉ የነበሩትን ባልና ሚስት ይቅርታ ጠይቄ ካፖርታቸውን አስረከብኳቸው፣ ብረቱን ከግድግዳው ነቅዬ ወጣሁ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ማዞር ያስፈልጋል። ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በየሃያው ቆም እያልኩ አዞርኩት፣ ድልድዩም ተነሳ።

በዚህ መካከል ሲትስከ ወንበር አስመጥታ በለመደችው ቦታ መቀመጧን፣ ዘንጓን ከመኪናችን ማስመጣቷንም አላየሁም። ቀና ስል የእንጨት ጫማዋ እየተወዛወዘች ወደ እርስዎ ስትወርድ አየሁ። እርስዎ እንደ ደንቡ ሳንቲም ይዘው እጅዎን ሰደዱ፤ ጫማዋ ውስጥ ግን የታጠፈ ወረቀትና ብዕር ነበር። የአድራሻ ማመልከቻችን ነው። የድልድይ ቤቱ በር ላይ ያለው የድሮው የፖስታ ሣጥን የደብዳቤ አድራሻችን ይሁን የምትል አንዲት መስመር አለችው፤ ከሥሯ ለከንቲባው ፊርማ ቦታ ተትቷል።

"ምንድን ነው ይሄ?" አሉ።

"ሳንቲሙን ይተዉት ክቡር ከንቲባ፤ የዛሬ ማለፊያ ፊርማ ነው" አለች ሲትስከ ከላይ።

በቦዩ ግራና ቀኝ የቆመው ሕዝብ ሁሉ ሳቀ። እርስዎም ሳቁ፣ ወረቀቱን ከሰንሰለቱ ሥር ወደ ውስጥ ኪስዎ አስገቡ፣ "ሰኞ አየዋለሁ" አሉ፣ ጀልባዎም አለፈች። ሲትስከ ያን ቀን ለዱርክ ሁለተኛ ብስኩት ሰጠችው። እርሷን ካወቅኩ ጀምሮ ይህንን ሲደረግ ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዱ ለእኔ፣ ስታጨኝ።

ከዚያን ቅዳሜ ወዲህ ሁለት ሰኞ አልፏል። የትኛውን ሰኞ ማለትዎ እንደሆነ ስላላጣራሁ ጥፋቱ የእኔ ነው። የምለምንዎ ያቺን መስመር እንዲፈርሙ ብቻ ነው። ሰባት ሜትር ከአርባውን መኪና አልለምንም፣ የብስክሌቱን ነገር አላነሳም፣ ቤተ ክርስቲያኑንም መዞር ለምደነዋል፤ ካህኑ ሲያዩን እጃቸውን ያነሱልናል። መጋረጃችንን እንደ ወጋችን ከፍተን ነው የምንኖረው፤ ራት ምን እንደምንበላ ዱርክ ከብስክሌቱ ሳይወርድ ያያል፣ እርስዎም ከመስኮትዎ ያያሉ። ትናንት አረንጓዴ የአተር ሾርባ ነበር። ከዚህ የበለጠ የት እንዳለን የታወቅን ሰዎች በመዝገብዎ ውስጥ ካሉ ላውቃቸው እወዳለሁ።

ለሥራዎ መቃናት፣ ለሰንሰለትዎ ወርቅ አለመደብዘዝ፣ ለብዕርዎም ቀለም አለመድረቅ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከነሙሉ አክብሮቴ፣ ግማሽ በታጠፈ ቁመቴ እሰናበታለሁ።

ሂልከ ተርፕስትራ
የቀድሞ ድልድይ ከፋች፤ አድራሻ፦ መዝገብዎን ይመልከቱ

ግልባጭ፦
ለነዋሪዎች ምዝገባ ክፍል፣ ለወይዘሮ ሆክስትራ
ለዱርክ (ይህንን ደብዳቤ የሚያደርሰው እሱ ስለሆነ በመንገድ ላይ ሊያነበው ይችላል)

ድኅረ ጽሑፍ፦ የማዘጋጃ ቤቱ ንብረት ክፍል ያንን የብረት ማዞሪያ በአስቸኳይ እንድመልስ ጽፎልኛል፤ ደብዳቤውንም ያመጣው ዱርክ ነው። ብረቱ በሲትስከ በኩል አልጋው ሥር ተቀምጧል፤ ለመመለስም ፈቃደኛ ነኝ። ነገር ግን የመመለሻው ቅጽ በሁለተኛው መስመር ላይ የመላሹን የተመዘገበ አድራሻ ይጠይቃል፣ ያለ አድራሻ የቀረበ ንብረት ተቀባይነት የለውም ብሎም ያስጠነቅቃል፤ እኔ ደግሞ ደንብ አክባሪ ነኝ። ጀልባዎች ለክረምት ወደ ውስጥ የሚገቡበት ጊዜ ደርሷል፤ የእርስዎ ጀልባ ገና ከድልድዩ ውጭ ታስራ ከመስኮታችን ትታየናለች፣ ምሰሶዋም እንደማስታውሰው ረጅም ነው። ሸረሪቷ ግን ዛሬ ጠዋት ካሜራው ላይ ተመልሳ ቤቷን ሠርታለች። አድራሻ የጠየቃት ሰው የለም።